በአመድ ስር የቀበርናት ሬድዮ

ልጄ ሐያት ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የሞባይል ሱቅ አላት። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላ እዚያ ሄጄ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ አላፊ አግዳሚውን ማየት ልማዴ ሆኗል። ባለፈው የገበያ ቀን ከወግዲ የመጡ አንድ ሽማግሌ ስልክ ሊገዙ ገቡ። ሐያት አንዱን አንስታ፣ «አባባ፣ ይኼኛው ውሃም አይገባው፣ አቧራም አይገባው» ስትላቸው ፈገግ አሉና «ወሬውን ተይው፣ አሳይኝ» አሏት። እሷ መች ታፍራለች፤ በብርጭቆ ውሃ ቀዳችና ስልኩን እንደበራ ጣል አደረገችበት። ከውሃው ስር ሆኖ መብራቱ ቦግ ብሎ ይታያል። አወጣችውና ከደጅ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ዘግና ነሰነሰችበት፣ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ደወለችለት። ጮኸ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ ሽማግሌውም «ማሻአላህ!» ብለው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። እኔ ግን ከበርጩማዬ ተነስቼ ወደ በሩ ወጣሁ። ሐያት ደንግጣ «እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «ሙቀቱ ነው» አልኳት። መካነ ሰላም ላይ ምን ሙቀት አለና! ሐያት ከዚያ ሁሉ ነገር በኋላ የተወለደች ናት። ወንድም እንደነበራት ታውቃለች፤ አባቷ በአንድ ወቅት ቆርቆሮ በውሃ ሲነክርና በአመድ ሲንጥ እንደከረመ ግን ነግሬያት አላውቅም።

ባለቤቴ ሁሴን ሬድዮ ጠጋኝ ነበር። ሱቁ ከመስጊዱ ወደ ገበያው በሚያወርደው መንገድ ዳር የነበረች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ዛሬ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል፣ ምድር ቤቱ ጁስ ይሸጥበታል። ያኔ ከደሴ የሚመጣው መኪና በፈለገው ቀን ነው የሚመጣው። ከአቀስታ ወዲህ የመንገዱ አቧራ ጉድ ነው፤ ተሳፋሪው ሲወርድ ሸሁ ከቄሱ፣ ነጋዴው ከገበሬው አይለይም። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም ነበር። ጎረምሶቹ ከታች የሚሰፋ ቴትሮን ሱሪ ይለብሳሉ፣ ጠጉራቸውን ያጎፍራሉ፣ ማበጠሪያ ከኋላ ኪሳቸው አይጠፋም። እኛ ሴቶች ደግሞ ከደሴ የሐር ሻሽ ያመጣልንን ሰው ከሐጅ እንደተመለሰ ነበር የምንቀበለው። ሁሴን ሱቅ በር ላይ አንድ የተከፈተ ሬድዮ ሁልጊዜ አለ፤ ደህና ዘፈን ሲመጣ መንገደኛው ቆም ይላል፣ አህያ የሚነዳው ሳይቀር አህያዋን ትቶ ያዳምጣል። እንጉርጉሮ ከሆነ ሁሴን ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ማርሽ ከሆነ ዝቅ። ማርሹ የበዛበት ዘመን ሲመጣ ግን ዝቅ ማድረጉንም ፈራ።

የመጀመሪያ ልጃችን ይማም ነው። ቁመቱ የአባቱ፣ ሳቁ የእኔ። አንዴ የሰማውን ዘፈን በፉጨት ይደግመዋል። ሬድዮ ማሾክሾክ ሲጀምር አንቴናውን በእጁ ይዞ አንድ እግሩን አንስቶ ይቆምና፣ «እማ፣ ዘፈኑ እኮ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው» እያለ ያስቀኛል። አንድ የገበያ ቀን የሬድዮ ድንጋይ ሊገዛ ወጣ፤ ያኔ ባትሪውን ድንጋይ ነበር የምንለው። አብሮት አስማረ ነበር፤ የጎረቤታችን የጥሩነሽ ልጅ። ጥሩነሽ ባሏ የሞተባት፣ በርበሬና ጨው እየቸረቸረች አንድያ ልጇን ያሳደገች ሴት ናት፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው። እህል ተራው ጋ መኪና ቆመ፣ ታጣቂዎች ወጣቱን ከበቡት፣ ለጦርነቱ ብለው ጫኑት። እኔ ክፍል ውስጥ ሕፃናት ሳስተምር ነበር። ሰው ጠርቶኝ ስደርስ ገበያው ላይ የተደፋ ገብስና የወለቀ ጫማ እንጂ ወጣት የሚባል የለም። ጥሩነሽ መሬት ላይ ተቀምጣ አንዱን ጫማ እያገላበጠች «የአስማረ ነው? ዘይነብ፣ ንገሪኝ፣ የአስማረ ነው?» ትለኛለች። አልነበረም።

ከማሠልጠኛው አንድ ሰው የሁለቱንም ሰላምታ አመጣልን፤ ከዚያ ወዲያ ዝም። ጦርነቱ ወደ ሰሜን ነበር። ቆይቶ ቆይቶ ከወዲያኛው ወገን የሚተላለፍ ሬድዮ፣ ቀኑ ወደ አስር ሰላት፣ ወደ ከሰዓት በኋላው ስግደት፣ ሲያዘነብል የምርኮኞችን ስም ያነባል የሚል ወሬ መጣ። ስም፣ የአባት ስም፣ የተወለዱበት አውራጃ። ስሙ የተጠራ ልጅ በሕይወት አለ ማለት ነው። ያንን ጣቢያ ሲሰማ የተገኘ ግን ይታሰራል፤ እኔ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ የእኔ ይብሳል። ብዙም ሳይቆይ የቀበሌ ሰዎች ሱቃችን ገብተው የደንበኛውንም የእኛንም ሬድዮ ሰብስበው ወሰዱ፣ በሩን አሸጉት። ሁሴን ነገሩ ሸቶት አንዲት የቆዳ ልብስ ያላት ትንሽ ሬድዮ አስቀድሞ ቤት አምጥቶ ነበር። እሷን የት እናድርጋት? ፍተሻው በድንገት ነው፤ ጎተራ ይዘረግፋሉ፣ ፍራሽ ይቀድዳሉ። የቀረን ከጓሮ ያለው የአመድ ክምር ነው። አመድ ማን ይቆፍራል?

በላስቲክ ጠቅልሎ ቀበራት። ሰንብተን ስናወጣት ቁልፏ ሲዞር ቅርጭጭ አለ። አመዱ በላስቲኩ እጥፋት ሾልኮ ሆዷ ድረስ ገብቷል፤ ጣቢያ መፈለጊያዋ አልንቀሳቀስ አለ። ሁሴን መፍቻውን አነሳ። ከዚያ ፈታትቶ እያንዳንዷን ክፍል በጥጥ ማበስ ጀመረ። «ሁለተኛ ሳልፈትን አልቀብራትም» አለ። «እሷ ከሞተች ልጁን በምን እንፈልገዋለን?» «አብሽር» አልኩት፤ ጥጡን እየቀደድኩ አቀበልኩት። አስተማማኝ መደበቂያ እስክትሠራላት ድረስ ብልቶቿን በታተንናቸው፤ ድምፅ ማጉያዋ ባቄላ ጆንያ ውስጥ፣ ሽቦዎቿ ከክር ቋጠሮ ጋር። ቢገኙም የጠጋኝ ቤት ግብስብስ እንዲመስሉ።

የእርዳታ ዘይት የመጣበት ቆርቆሮ ነበረን። ሁሴን ክዳን ሠራለት፣ መጋጠሚያውን እርሳስ አቅልጦ በየደው፣ ከመኪና ጎማ ከላማዳሪያ፣ ከውስጠኛው ላስቲክ፣ ቀዶ አፉን ዙሪያውን አለበሰው፣ ክፍተቱን በሰም ሞላው። ከዚያ መፈተን ነው። ለአቧራው፣ ከአሮጌ ጃንጥላ የተቀደደ ጥቁር ጨርቅ ውስጡ አድርጎ ይከድነዋል። የተከደነውን ቆርቆሮ ከአመድ ጋር ጆንያ ውስጥ እንከተውና እሱ በአንድ ወገን፣ እኔ በአንድ ወገን ይዘን ክንዳችን እስኪዝል እንንጠዋለን። ስንከፍተው ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ነጭ ብናኝ ከታየ አልሆነም ማለት ነው። ለውሃው፣ ኮፒያ እርሳስ ከትምህርት ቤት አመጣሁለት፤ እርጥበት ሲነካው ወይን ጠጅ ቀለም የሚያወጣው እርሳስ። በብጣሽ ወረቀት ይጽፍበትና ቆርቆሮው ውስጥ ያደርጋል፣ የጣራ ውሃ ባጠራቀምንበት በርሚል ውስጥ ድንጋይ ጭኖ ያሰጥመዋል። ከቀትሩ ዙሁር እስከ አስር ሰላት እዚያው ይቆያል። የሚጽፈው «ይማም» ብሎ ነበር። ሲከፈት ስሙ ወይን ጠጅ ሆኖ፣ ፈሶ፣ ተለውሶ ይወጣል። አንድ ቀን አላስቻለኝም፤ «በአላህ ይዤሃለሁ፣ ሌላ ነገር ጻፍ» አልኩት። አየኝና «ሌላ ነገር ብጽፍበት እንዲህ አልጠነቀቅም» አለኝ።

ቆርቆሮው እየደጋገመ ይወድቃል። አንዴ በብየዳው፣ አንዴ በክዳኑ። አቧራውን ሲከለክል ውሃውን ያስገባል፣ ውሃውን ሲከለክል ማጠፊያው ይሰነጠቃል። ጥሩነሽ አስር በቀረበ ቁጥር በአጥሩ ቀዳዳ «ዘይነብ፣ ዛሬስ?» ትለኛለች። «ዛሬም አልሆነም» እላታለሁ። ያን ሰዓት ሩቅ አገር አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ስም እያነበበ እንደሆነ እናውቃለን፤ የእኛ ሬድዮ ግን በየጆንያው ተበታትናለች። አንድ ቀን ጥሩነሽ በአጥሩ ዘላ ገባችና የሁሴንን ኮሌታ ጨመደደች።

«አንተ ሰው፣ ልጄ አሁን እየተጠራ ቢሆንስ? ይግባባት አቧራው! ይግባባት ውሃው! አንድ ቀን ልስማባትና ትሰበር!»

ሁሴን እጇን አላስለቀቀም። «ዛሬ ሰምተሽባት ተሰብራ፣ ነገ ቢጠራስ ጥሩነሽ?» አላት።

እጇ በራሱ ጊዜ ረገበ። አመዱ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ አልቅሳ ሲወጣላት ተነሳችና የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዘች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሦስት ሆነን መናጥ ሆነ ሥራችን።

በመጨረሻ ጨርቁ ጥቁር እንደሆነ ወጣ፤ ወረቀቱም ነጭ እንደሆነ፣ «ይማም» የሚለው ፊደል አንዷ ጭረት ሳትላወስ። ሁሴን ወረቀቱን ለእኔም ለጥሩነሽም አሳየን። ጥሩነሽ ቆርቆሮውን እንደ ታቦት ሳመችው።

ከዚያ ወዲያ ሁሉን ዘጋግተን፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን፣ ሦስት ራስ በአንዲት ሬድዮ ላይ ደፍተን መስማት ጀመርን። አንባቢው የሚጣደፍ ሰው ነው፤ ድምፁ ሄድ መጣ ይላል። ከጎንደር፣ ከሐረርጌ፣ ከሲዳሞ፣ ከወሎ፣ የማናውቀው የስንቱ እናት ልጅ ያልፋል። «ወሎ» ሲል ሦስታችንም ጆሯችንን እናስጠጋለን። አንድ ቀን «አስማረ ተሰማ፣ ወሎ፣ ቦረና» አለ፤ ቦረና የእኛው አውራጃ ነው። ጥሩነሽ እልል እንዳትል ብርድ ልብሱን በጥርሷ ነከሰች። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ቀና ስትል ፊቴን አየችና ደስታዋን እንደ ሰረቀችው ዕቃ ልትደብቀው ሞከረች። «የይማም ነገ ነው። ወላሂ ነገ ነው» አለችኝ፤ ክርስቲያን ሆና በእኛ መሐላ። እኔ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ደቂቃ በልጇ ቀናሁባት።

ነገ ሆነ፣ ከነገ ወዲያም ሆነ። ክረምቱ ገባ። ከጭጋጉ የተነሳ አጥሩ የማይታይበት አንድ ቀን፣ ንባቡ ሳያልቅ ከመንደሩ ጫፍ የፈታሾች ጩኸት ተሰማ። ሁሴን ሬድዮዋን እንደሞቀች፣ የእኛን እስትንፋስ እንደጠጣች ቆርቆሮው ውስጥ ከትቶ በዝናብ ውስጥ ቀበራት። ፈተሹ፣ ምንም አላገኙም። ግን አልሄዱም። ከጓሯችን ጀርባ የነበረውን ባዶ ቤት የጥበቃ ማረፊያ አደረጉት፤ በራቸው ፊቱን ያዞረው ወደ አመድ ክምራችን ነው። ያን ክረምት ሙሉ አጠገቡ መድረስ አልቻልንም። አስር ሲሆን ሦስታችንም በመስኮት ስንጥቅ አመዱን እናያለን። ዝናቡ ይወርድበታል፣ በረዶው ይወቅጠዋል፣ ጎርፉ ጎኑን ይበላዋል። ሁሴን እንደ ዚክር የሚደጋግመው አንድ ነገር ነበር፤ «አይገባባትም። ፈትኛታለሁ። አይገባባትም።»

ጥበቃዎቹ የለቀቁት መስከረም ሲጠባ ነው። ሁሴን በእጁ ቆፈረ። እውነቱን ነበር፤ ከውጭ አንዲት ጠብታ አልገባም፣ አንዲት ብናኝ አላለፈችም። ክዳኑን ሲያነሳው ግን ከክዳኑ ስር እንደ ላብ ያቸፈቸፈ ውሃ ተንጠልጥሏል። የባትሪ ድንጋዮቹ አብጠው ፈንድተዋል፤ ያፈሰሱት ነገር የሬድዮዋን አንጀት በልቶ አረንጓዴ ዝገት አድርጎታል። ሁሴን የክዳኑን ስር በጣቱ ጠርጎ ጣቱን አየው።

«ከውስጥ ነው የመጣው» አለ። «ጭጋጉን አብሬ ዘግቼባታለሁ። አጥብቄ ስለዘጋሁት መውጫ አጣ።»

ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ግን አላየሁም። ጥሩነሽ ሻሿን አውልቃ ፊቱን ጠረገችለት። ሌላ ሬድዮ ለማግኘት ያላደረግነው የለም፤ በአካባቢው የቀረ አልነበረም፣ ያለውም ባለቤቱ ሰምቶ ለመንገር እንኳ ይፈራል። ያን ክረምትና ከዚያ በኋላ የማን ስም እንደተነበበ አናውቅም።

ዘመን ተገለበጠ። ወታደሩ በየመንገዱ ተበትኖ፣ እግሩ ቆስሎ፣ ቁራሽ እየለመነ ወደየቀዬው ተመለሰ። አስማረም መጣ። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ በሰው ካፖርት። ጥሩነሽ ልጇን አቅፋ ስማ ሳትጠግብ፣ ወደ ቤቷ ሳታስገባው በቀጥታ ወደ እኛ ይዛው ገባች። «ቅድሚያ እነሱ ናቸው፣ ንገራቸው» አለችው። አስማረ ሁሴን እግር ላይ ወደቀ፤ ሁሴን አነሳው።

«ይማምን አየኸው ወይ ልጄ?»

«ከማሠልጠኛው በኋላ ተለያየን፣ አባባ ሁሴን። ወደየት እንደወሰዱት አላወቅሁም።»

«ስሙ አልተጠራም። ከሰማነው ውስጥ አልነበረም» አለ ሁሴን።

አስማረ እኔን አየና አቀረቀረ። «ብዙዎቻችን እኮ ስንማረክ ስማችንን ቀየርን» አለ። «ስማችን በሬድዮ ከተነገረ ቤተሰብ ላይ መዘዝ ይመጣል ብለን። እኔ እናቴ በሐሳብ ትሞትብኛለች ብዬ ነው እውነተኛውን የሰጠሁት። ይማም ግን ገና ማሠልጠኛ ሳለን ‹እኔ ከተያዝኩ ስሜን አልናገርም፤ እማን ከትምህርት ቤት ያባርሩብኛል› ይል ነበር።»

ሁሴን ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወደ መሬት ወረደ። ስንቱን ስም ሰማን! የእኛ አይደለም እያልን ስንቱን አሳለፍነው! ለአንድ ስም ብቻ ጆሮ ሰጥተን ስንጠብቅ፣ ልጃችን በሌላ ሰው ስም ከፊታችን አልፎ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ወዲያ ሥራችን ማስታወስ ሆነ። ወሎ የተባሉትን ስሞች እሱ አንዱን ይጠራል፣ እኔ አንዱን፤ የአባቱ ስም እንዲህ ነበር፣ የለም እንዲያ ነበር እያልን እንጣላለን። ሁሴን «ሰይድ አራጋው» የሚለው ስም ላይ ልቡ አረፈ። «ይህስ የእኛ ነው፣ አራጋው የአባቴ የሥራ ጓደኛ ነበር፣ ይማም ስሙን ከሱ ላይ ነው ያመጣው» አለ። አራጋው የሚባል ሰው ወግዲ አለ ሲሉን በእግራችን ወደዚያው ገጠር ሄድን፣ ሰይድ አራጋው የሚባል ሰው ይኖር እንደሆነ ልናጣራ፤ አይኖርም እንዲሉን እየለመንን። አንዲት ሴትዮ ከአጨዳ ላይ ማጭዳቸውን ጥለው ሮጠው መጡ።

«ሰይድ የእኔ ነው! የት ሰማችሁት? መቼ?»

ምርኮኛ ሆኖ ስሙ መጠራቱን፣ በሕይወት እንደነበረ ነገርናቸው። እጄን ይዘው አልለቅ አሉ፤ ወተት አጠጡን፣ መረቁን፣ መንደሩ ሁሉ ተሰበሰበ። የእሳቸው ልጅ ገና አልተመለሰም ነበር፤ እኛ ግን ተስፋ ይዘንላቸው መጣን። ስንመለስ ሁሴን መንገዱን ሙሉ ከፊቴ እየቀደመ ሄደ። ከተማው ሲታየን ቆመና፣ «ዘይነብ፣ ሁለተኛ አንሄድም» አለኝ። ለምን እንደሆነ ገባኝ። እናቱ የተገኘች ስም ሁሉ ይማም ሊሆን ከሚችለው ላይ የሚቀነስ ነው። እንዲያው ብዙ ስም ሳይጣራ ቢቀርልን ይሻለናል።

ዓመታት አለፉ፤ ሐያት ተወለደች። ሁሴን ሱቁን ቢከፍትም እጁ እንደ ድሮው አልሆነም። ታዲያ አንድ ቀን የመስጊዳችን ሸህ ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ጥሩነሽም ነገሩን ቀድማ ሰምታ ኖሮ፣ ለድግሱ ይሆናል ብላ እንጨት አሸክማ ከጓሮ ገብታለች። ሸሁ ከሁሴን ጎን ተቀመጡና ትከሻውን ያዙ።

«ሁሴን፣ ጊዜው ሄደ። አላህ የወሰደውን ወስዷል። ለልጁ ሰደቃ እናውጣለት፤ ስሙን ጠርተን ዱዓ እናድርግለት። አንተም ትረፍ፣ እሷም ትረፍ።»

ሁሴን ቀና ብሎ አላያቸውም። «በየትኛው ስሙ ነው የምትጠሩት ያ ሸህ?» አለ።

ሸሁ እጃቸውን ከትከሻው ላይ አነሱ። ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ እየተነሱ ጫማቸውን ደጃፍ ላይ መፈለግ ጀመሩ። ጥሩነሽ በጓሮ በር ብቅ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዘይነብ፣ እሳቱን ላያይዘው?» አለችኝ።

«ተይው» አልኳት።